የሃምሳው ጾም

በልጅነቴ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ትልቋ ኃጢአተኛ እናቴ ነበረች። ቀልዴን አይደለም። ሌባ አይቼ አላውቅም፤ ነፍሰ ገዳይ የሚባለውንም በወሬ ብቻ ነው የሰማሁት። በመንደራችን የሚሰክሩት ሰዎች እንኳ ሰክረው ከመዝፈን በቀር ክፋት አልነበራቸውም። እናቴ ታይቱ ግን በበዓለ ሃምሳ ትጾም ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የሚባል ነገር እንደሌለ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። እኔ ደግሞ ስምንት ሞልቶኝ ነበር።

አሁን ሰቆጣ ውስጥ የኢኮኖሚክስ መምህርት ነኝ። ዓመቱ ሲጀመር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ያው አንድ ነገር ነው፦ ያለን ጥቂት ነው፣ የምንፈልገው ብዙ ነው፣ ስለዚህ እንመርጣለን፤ የመረጥነው ነገር ዋጋም ስንመርጠው የተውነው ነው። ልጆቹ ይገለብጡታል። ከኋላ የተቀመጡት ያዛጋሉ። ያኔ ጠመኔውን አስቀምጥና የእናቴን ጾም እነግራቸዋለሁ፤ ማዛጋቱም ይቆማል።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወርደው መንገድ፣ ቆላው ሳይጀምር ባለች ተረተር ላይ ነበር። ያን ዓመት ክረምቱ ገና ገባ ሲባል ወጣ። በልጉም ውሃ ሽታ ሆነ። አባቴ ካሤ ጥምቀትን ዋለና ለጉልበት ሥራ ወደ መተማ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ፍየሎቻችን ተራ በተራ ገበያ ወጥተው አለቁ። የቀረን ጎታው ሥር ያለች ገብስ፣ ሦስት ቀፎ ንብ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዋሴ ነበርን።

አባቴ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ለእናቴ የተናገረው ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ንቦቹንና ልጆቹን አደራ» ነው ያላት። ንቦቹን አስቀድሞ! እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ክፉኛ ተቀይሜ ነበር፤ ዋሴ ግን ገና ሦስት ዓመቱ ስለነበር ምንም አልመሰለው።

ቀፎዎቹ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በእንጨት ላይ ተጋድመዋል። በጭቃና በእበት የተለሰኑ ረጃጅም ቀፎዎች ነበሩ። እኛ አገር አበባ በጠፋ ጊዜ ንብን መመገብ የታወቀ ነው። ምግብ ያጣ ንብ ቀፎውን ባዶ ጥሎ ይሄዳል፤ የት እንደሄደም አይታወቅም። ስለዚህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ገብስ ትቆላለች፣ ትፈጫለች፣ በሶውን ለሦስት ትከፍላለች። አንዱ ለዋሴ፣ አንዱ ለእኔ ይጨበጣል። ሦስተኛው ሳይታሸ ትንሽ ስኳር ይነሰነስበትና በሰሃን ሆኖ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ንቦቹ በሶው ላይ ሲያርፉ ማየት ደስ ይል ነበር፤ መቀየሜን እስክረሳ ድረስ። ይንከባለሉበታል። ሆዳቸውም ክንፋቸውም ነጭ ይሆንና በእግራቸው ዱቄት ጭነው ወደ ቀፎው ይገባሉ። ዋሴ ግን ሰሃኑን ባየ ቁጥር ያለቅሳል።

«ንብ ለምን በሶ ይበላል?» እላታለሁ።

«ስለሚርበው።»

«እኛስ?»

«እናንተማ በላችሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጾም ነኝ።»

ዘመኑ ሁዳዴ ነበርና ነገሩ አልገረመኝም። ትልቅ ሰው ሁሉ ጾም ነው። አንዳንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው እስከ ማታ ይቆያል። እናቴ እስከ ማታ ከሚቆዩት ወገን በመሆኗ እንዲያውም ኩራት ይሰማኝ ነበር። ማታ ማታ እኔና ዋሴ ከተኛን በኋላ ትበላለች ብዬ አስባለሁ፤ ስትበላ ግን አላየሁም። በሶው የሚከፈለው ለሦስት ነበር። አራተኛ ድርሻ አለመኖሩን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ፋሲካ መጣ። አክስቴ እታለም፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በትንሽ ድስት የዶሮ ወጥ ይዛልን መጣች፤ አራታችን ተሻምተን በላን። እናቴም በላች፤ ጣቷን ሳይቀር ስትልስ አይቻታለሁ። በማግስቱ ጠዋት በሶው እንደ ልማዱ ለሦስት ተከፈለ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ጾም ነኝ።»

ጭብጦው በአፌ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። «እማዬ፣ ሃምሳ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አባ ትእዛዙ አይጾምም ብለዋል። በሃምሳ የሚጾም ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ እንደሚያለቅስ ነው ብለዋል።»

«የእኔ የስለት ነው። በይ አፍሽን ዘግተሽ ብዪ።»

«አፌን ዘግቼ እንዴት እበላለሁ?»

ይህን ስላት ሳቀች። ከሰነበተችበት ዝምታ ወጥታ፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን ሰሃኑን ይዛ ወደ ንቦቹ ሄደች። በማግስቱም እንዲያው፣ በሳልስቱም እንዲያው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። አባ ትእዛዙ የመንደሩ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው፤ እሳቸው አይሆንም ያሉትን እናቴ በጠራራ ፀሐይ ታደርገዋለች። ሲዖልን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሎ አይቼዋለሁ። ከቀዩ እሳት ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ መቀነቷን እንደ እናቴ አጥብቃ የታጠቀች ይመስለኝ ጀመር።

መቀነቷን በየቀኑ ታጠብቅ ነበር። ከተቀመጠችበት ስትነሳም ግድግዳ ትይዛለች። ስግደት ስላበዛች ጉልበቷ ደክሞ ነው አልኩ። በሃምሳ ደግሞ ስግደትም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ኃጢአቷ ሁለት ሆነ። ዛሬ አንዲት ሴት ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ስትደገፍ ካየሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቃት ምሳ በልታ እንደሆነ ነው።

ፋሲካው ካለፈ ሳምንት እንደሆነ አክስቴ እታለም አንድ ነጋዴ ይዛ መጣች። ገበያው ይባላል፤ ከሰቆጣ እየመጣ ማርም፣ ከነቀፎው ንብም የሚገዛ ሰው ነበር። አህያው ላይ ሙሉ ጆንያ ማሽላ ጭኖ ነበር የመጣው። ለእኔና ለዋሴ ከረሜላ ሰጠን። እኔ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ በሩ ጀርባ ቆምኩ።

«ታይቱ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «በዚህ ሐሩር ንብሽ ወር አይቆይልሽም። ያኔ ባዶ ቀፎ ልገዛ ነው? ዛሬ ስጪኝና ማሽላውን ውሰጂ።»

«መንገድ ላይ ካለቁብህስ?»

«እሱማ የኔ ዕዳ ነው። ለዚህም ነው ዋጋዬ ዝቅ ያለው።»

አክስቴ ጣልቃ ገባች። «ልጆቹ እህል ይዩ እንጂ! ካሤ ሲመጣ ለሱ እኔ መልስ እሰጣለሁ።»

«እትዬ፣ ይኼን ማሽላ በልተን ስንጨርስስ?»

«ያኔ እግዜር ያውቃል።»

«ያኔማ ሰቆጣ መውጣት ነው። በአንድ እጄ ይኼን፣ በአንድ እጄ ያችን ይዤ ሰው ደጅ መቆም ነው። ቤቱ ተዘግቶ፣ ካሤ ሲመጣ የሚያገኘው ሰው አይኖርም። ንቡ ከቆየ ግን ክረምቱ ሲወጣ ማር አለ። ማር ካለ ከቤታችን አንወጣም።»

«ከቆየ ነዋ! ባይቆይስ?»

«እሱን አላውቀውም፣ እትዬ» አለች እናቴ። ድምፅዋ አነስ ብሎ ነበር። «እሱን ባውቅማ ምን ያስጨንቀኝ ነበር።»

ገበያው አልተቆጣም። ደህና ሰው ነበር። «እንግዲህ ሐሳብሽን ከለወጥሽ እኔ በዚህ መንገድ አልጠፋም» ብሎ ማሽላውን ይዞ ሄደ። አክስቴ ግን በሩ ላይ ቆማ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ኧረ ፈጣሪን ፍሪ! እንዲህ ሆነሽ እስከ መቼ?» አለቻት። እናቴ በአፍ መፍቻዋ በኽምጥኛ መለሰችላት። እናቴ ስትናደድም ስትጨነቅም የሚቀድማት ኽምጥኛ ነው። «ተይኝ፣ እህቴ፣ ተይኝ» ነበር ያለቻት። እኔ የያዝኩት ግን የአክስቴን ነበር። ፈጣሪን ፍሪ! ለካ አክስቴም ስለ ጾሙ ሰምታለች። ለካ አገር ያወቀው ጉዳይ ነው።

ከዚያ አንዱ ቀፎ ሄደ።

ቀትር ላይ ነበር። ከጓሮ የሚመጣው ድምፅ በረታ፤ ስወጣ ሰማዩ ተሞልቷል። እናቴ «ውይ! ውይ! ልጄ፣ ቆርቆሮውን አምጪ!» እያለች ትጮኻለች። አፈር እየዘገነች ወደ ላይ ትበትናለች፤ አፈር የነካው ንብ ዝናብ መስሎት ወርዶ ያርፋል ይባላል። እኔ ቆርቆሮውን ባለ በሌለ ኃይሌ ደበደብኩ። ዋሴ በደስታ ያጨበጭባል። ንቦቹ ግን ቁልቁል ወደ አበርገሌ አቅጣጫ ተሰብስበው ሄዱ። እናቴ ተከትላቸው ሮጠች። ከእርሻው ድንበር ሳትደርስ ወደቀች።

ስደርስ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ድንጋይ አደናቀፈኝ» አለችኝ። እርሻው ላይ ድንጋይ አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ ከአባቴ ጋር ለቅሜዋለሁ። ያኔ ግን ይህ ትዝ አላለኝም። በአእምሮዬ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሃምሳ ጾመች፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ ንቡን ወሰደብን። ሁለት ቀፎ ቀርቷል። ካልተወች ሁለቱንም ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ ሰቆጣ ወጥተን ሰው ደጅ እንቆማለን፤ አባዬ ሲመጣ ቤቱ ዝግ ይሆናል። እናቴን ከእሳት፣ ንቦቻችንን ከመሄድ ማዳን የሚችል ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

አባ ትእዛዙ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ለተሰበረ ዶማ እጀታ ያስገባሉ። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ቆምኩ።

«ምነው ሠርካለም፣ ብቻሽን?»

«አባ፣ ሰው በሃምሳ ቢጾም ምን ይሆናል?»

«ማን ነው የሚጾመው?»

«አንድ ሰው።»

«ይኼ አንድ ሰው እናትሽን ይመስላል?»

«በጣም» አልኳቸው።

ሊስቁ ነበር፤ ፊቴን ሲያዩት ተዉት። ዶማውን ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ያዙት። «እናንተስ ትበላላችሁ? አንቺና ዋሴ?»

«አዎ፣ በሶ።»

«ንቦቹስ?»

«እነሱም በሶ፤ የእነሱ እንዲያውም በስኳር ነው።»

«እሷስ?»

«ጾም ናት አልኩዎት እኮ፣ አባ! ማታም ስትበላ አላየኋት። ዛሬ ደግሞ ንቡ ሄደና ስትሮጥ ወደቀች።»

አባ ትእዛዙ ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ አነሱና ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ካህን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። የእናቴ ኃጢአት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቤታችን መጡ። እናቴ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ተነሥታ ተሳለመች። እኔ ዋሴን አቅፌ ከጎታው ጀርባ ተወሸቅሁ።

«ታይቱ» አሏት፣ «በሃምሳ ትጾሚያለሽ አሉ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ንቦችሽ ናቸው። ተሰብስበው ከሰሱሽ።»

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አንዳንዱን ሰማሁ፣ አንዳንዱ አመለጠኝ።

«... ከእኔ ቤት ውሰጂ ብዬሽ ነበር።»

«የሚብስ አለ፣ አባ። እኔ ምጽዋት ለምጄ አላውቅም። ንቤን ሸጬ እበላለሁ እንጂ የርስዎን ልጆች ጉሮሮ አልዘጋም።»

«ማን ምጽዋት አለሽ? ለገበያ ነው የመጣሁ! ወንድሜ ከደጋው ገብስ ልኮልኛል፤ ንብ ግን የለኝም። አንቺ ንብ አለሽ፤ ገብስ የለሽም።»

«ንብ ከፈለጉ ገዝተው ያርቡ።»

«እኔ? አምና አንዷ ዓይኔን ነድፋኝ ቅዳሴውን በአንድ ዓይን ነው የቀደስኩ! ገብሱ ከእኔ፣ ድፍረቱ ከአንቺ። ማሩን እኩል እንካፈላለን።»

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ገበያ ስትከራከር የምታወጣው ድምፅ ነበር፤ ከሰማሁት ሰንብቻለሁ። «ስኳሩስ?»

«ስኳሩም ከእኔ።»

«ቢኮበልሉስ? ዛሬ እኮ አንዱ ሄደብኝ።»

«ቢኮበልሉ ገብሴ ቀለጠ ነዋ። ካንቺ የምጠይቀው የለኝም።»

«ሰሙስ?»

«ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስጪኝ።»

«ሰሙም እኩል ነው» አለች እናቴ። «ለጧፉ እኔ ከድርሻዬ በራሴ እጅ አገባለሁ። የእኔን ስለት እርስዎ አይሳሉልኝም።»

አባ ሳቁ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ይህን ሆን ብለው እኛም እንድንሰማው እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። «ሌላው ቀኖናሽ ነው፣ ታይቱ። በሃምሳ ጾመሻልና ቀኖና አለብሽ። ከዛሬ ጀምሮ ከንቦቹ በፊት ትበያለሽ። ከንቦቹ በፊት! በልጆችሽ ፊት፣ እያዩሽ። ይኼ የነፍስ አባትሽ ቃል ነው።»

እኔ ከጎታው ጀርባ የሰማሁትን ገጣጠምኩት። ጾመሻል። ቀኖና አለብሽ። ማሩ እኩል። ነገሩ ግልጽ ነበር፦ አባ ትእዛዙ በእናቴ ኃጢአት ምክንያት የማራችንን ግማሽ ቀጧት። የነገርኳቸው እኔ፣ የቀጡን እሳቸው። ያን ቀን ጠላኋቸው። በስምንት ዓመት ዕድሜዬ ካወቅሁት የበለጠ ጥላቻ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ተማርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ በሶው ለአራት ተከፈለ። እናቴ ድርሻዋን በሁለት እጇ ይዛ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ እኔና ዋሴ ፊት ለፊቷ። አንዱን ጭብጦ ለብዙ ጊዜ አላመጠችው። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። የቅጣት ምግብ እንዲህ መራራ ነው አልኩ በልቤ። ዋሴ ተነሥቶ እንባዋን በእጁ ጠረገላት። ከዚያ ብዙ ሳትቆይ ግድግዳ መያዙን ተወች።

ሁለቱ ቀፎዎች ቆዩ። ሰኔ ላይ አንዱ ሊሄድ ሊሄድ ብሎ፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ ሳትነቃነቅ ውላ፣ በማግስቱ ዝናቡ መጣ። አዲሱ ክረምት ግን ደህና ገባ። መስከረም ሲጠባ ተረተሩ ሁሉ አበባ ሆነ፤ ንቦቹ የሰሃኑን በሶ ዞረውም አላዩት። ዋሴ የተረፈውን እየላሰ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል።

ኅዳር ላይ ማሩ ተቆረጠ። ነጭ ማር ነበር። አባ ትእዛዙ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው «ታይቱ፣ አደራ ወዲህ እንዳይመጡ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሥራው ሲያልቅ ቀረብ አሉና ድርሻቸውን በገንቦ ተቀበሉ። ደግሞ እዚያው ቆመው ከሰፈፉ ቆርሰው ጎረሱ። ጺማቸው ማር በማር ሆነ። ሌላ ቆርሰው ለእኔ ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«አልፈልግም!»

«ሠርካለም!» አለች እናቴ በድንጋጤ።

«ተያት፣ ተያት» አሉ አባ እየሳቁ። «ተቀይማኛለች።» ከዚያ ቁራሹን ለዋሴ ሰጡት። ዋሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ወዳጅ ሆነ።

በእኛ ድርሻ እናቴ እህል ገዛች፤ ከእህሉ የተረፈው አንዲት እርጉዝ ፍየል ሆነ። አባቴ ታኅሣሥ ላይ ከስቶ፣ ወባ ይዞት ከመተማ መጣ። በሩ ክፍት ነበር። «ንቦቹስ?» አለ ገና ሳይቀመጥ። እኔ ደግሞ ተቀየምኩ።

ለዓመታት የአባ ትእዛዙን መስቀል ስሳለም ከንፈሬን አላስነካም ነበር። አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ የመሳሙን ድምፅ በአፌ አሰማለሁ፣ ከንፈሬ ግን ከመስቀሉ አይደርስም። የሚያውቁብኝ አይመስለኝም ነበር። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁና ለቀብር ወደ መንደር ሄድኩ። ከቀብር ስንመለስ እናቴ ስታለቅስ አየሁና የቆየው ነገሬ አመለጠኝ። «ማራችንን ግን መውሰድ አልነበረባቸውም» አልኳት።

መንገዱ መሐል ቆመች። «ምን?»

ነገርኳት። ቀኖናውን፣ ቅጣቱን፣ ከጎታው ጀርባ የሰማሁትን ሁሉ። እናቴ በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ መንገድ ዳር እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስካሁን የነገርኳችሁን በትክክለኛ መልኩ ነገረችኝ። ጾም እንዳልነበረች፣ ከማን ድርሻ ለንቦቹ ትሰጥ እንደነበር፣ አባ ባይመጡ ኖሮ በዚያ ሳምንት ንቦቹን ለነጋዴው ለገበያው ልትሸጥለት ወስና እንደነበር። ስለ እጥረትና ስለ ምርጫ ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያመጣሁት በዚያው ወር ነበር።

«ታዲያ ያን ያህል ደግ ከሆኑ ማሩን ለምን ወሰዱት?» አልኳት።

እናቴ ተቆጣች። የምሯን ነበር። «የእሳቸው ስለሆነ ነዋ! ባይወስዱት ኖሮ ዳግመኛ ዓይናቸውን ባላየሁ። አንድ ገንቦ ማር ከእጄ ተቀብለው፣ እፊቴ በሉልኝ። እኔ ያን ቀን ነው ቀና ብዬ የቆምኩ።»

ተመልሼ መቃብራቸው ጋ ሄድኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከንፈሬን አስነካሁ፤ አፈሩን ሳልጠርግም ወደ ቤት ተመለስኩ።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሥታ «ቲቸር፣ ርቦኛል ብትልሽ ምን ነበረበት? ለምን ዋሸችሽ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ሰቆጣ ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ ደህና ነው። ባለፈው በፋሲካ ማግስት ምሳ አቅርቤ ተቀመጥን። ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «አንቺ ብዪ፣ እኔ ኋላ እደርሳለሁ» አለችኝ። ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተወችም። የተማሪዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ያኔ ለምን ጾም ነኝ አልሽኝ? ርቦኛል ለምን አላልሽኝም?»

ምነው ይህን ያህል ዘመን ተምረሽ በሚል ዓይን ነበር ያየችኝ። «ርቦኛል ብልሽ ትበዪ ነበር?»

አልበላም ነበር። ከአፌ አውጥቼ እሰጣት ነበር፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር። ገበታው ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ፣ እንደዚያች እንደ ስምንት ዓመቷ ልጅ።

«በይ አሁን፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። ብዪ።»

«ካልበላሽ አልበላም።»

«ኋላ እበላለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሃምሳ እኮ ነው፣ እማዬ» አልኳት፤ ትልቁን ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። «አይጾምም።»

ሳቀች፤ አፏንም ከፈተች።